አንድ ሕግ፣ ብዙ ቋንቋ፦ የዦዜፍ ፉርዬ ሕይወትና የሕንፃ ኢነርጂ ሲሙሌሽን ሶፍትዌሮች ተናባቢነት

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የፈረንሳዊውን የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ የዣን ባፕቲስት ዦዜፍ ፉርዬን (1768–1830) ሕይወት ይተርካል። በዚያውም ሥራው የሕንፃዎችን የኢነርጂ ፍጆታ አስቀድመው የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች መረጃ ሲለዋወጡ ከሚገጥማቸው ችግር ጋር ያለውን ዝምድና ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ሶፍትዌሮቹ የሚጋሩት የሙቀት ሕግ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ተጽፎ ያለቀ ሲሆን፣ የሚለያዩት ሕጉ የሚሠራበትን አካል በሚገልጹበት መንገድ ነው የሚል ነው። ፉርዬ ሕጉን ብቻ ሳይሆን አካሉ የሚገለጽባቸውን ጥቂት መጠኖችና መጠኖቹ ሊጠብቁት የሚገባውን የልኬት ሥርዓት ጭምር ትቶ አልፏል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

አርክቴክቱ በኮምፒውተር የነደፈውን ሕንፃ የኢነርጂ ባለሙያው ሲረከብ፣ ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚጀምረው ሕንፃውን እንደገና በመሣል ነው። ግድግዳው፣ መስኮቱና ጣሪያው በመጀመሪያው ሞዴል ውስጥ ተመዝግበው ሳለ፣ የኢነርጂ ሶፍትዌሩ ግን ወይ አያነባቸውም ወይ በሌላ ትርጉም ያነባቸዋል። ይህ ድካም የጊዜ ብክነት ብቻ አይደለም። በመተላለፊያው ላይ የተዛባ አንድ ቁጥር የሕንፃውን የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሣሪያ መጠን፣ የባለቤቱን ወጪ፣ አንዳንዴም የአንድን ጥናት መደምደሚያ ይለውጣል።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው፣ እነዚህ ሶፍትዌሮች ሁሉ በጠጣር አካል ውስጥ ስለሚያልፍ ሙቀት የሚያሰሉት በአንድ እኩልታ መሆኑ ነው። የእኩልታው ባለቤት፣ በእኛ የመማሪያ ክፍሎች ፎሪየር እየተባለ የሚጠራውና ስሙ ከሳይንና ከኮሳይን ተከታታይ ድምር ጋር ተያይዞ የሚታወቀው ፉርዬ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ግን ከቀመሩ ያነሰ ይታወቃል። ታሪኩን መመልከት፣ የጋራ ሕግ እያለ መግባባት ለምን እንደሚያስቸግር ለመረዳት ያግዛል።

2. ከልብስ ሰፊው ቤት እስከ ፓሪስ

ፉርዬ መጋቢት 21 ቀን 1768 ኦሴር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እናትና አባቱን በተከታታይ አጥቶ ያለ ወላጅ ቀረ። የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት በሚያስተዳድሩት የከተማይቱ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲማር፣ ለሒሳብ ያለው ዝንባሌ ገና በልጅነቱ ጎልቶ ታየ።

ፍላጎቱ ወደ መድፈኛ ጦር ወይም ወደ መሐንዲሶች ክፍል መግባት ነበር። በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያለው ማዕረግ የሚሰጠው ለመሳፍንት ዘር ስለ ነበር የልብስ ሰፊ ልጅ በሩ ተዘጋበት። በ1787 ሳን ብኗ ሱር ሏር በሚባለው ገዳም የምንኩስና አመክሮ ጀመረ፤ ሆኖም ቃል ኪዳኑን ሳይፈጽም በ1789፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ገዳሙን ለቆ ወጣ። ወደ ኦሴርም ተመልሶ በተማረበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ።

በ1793 የከተማይቱን አብዮታዊ ኮሚቴ ተቀላቀለ። ይህ ተሳትፎው ለሕይወቱ አደጋ አመጣበት። በ1794 ታሰረ፤ ሮቤስፒዬር በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ባይወድቅ ኖሮ አንገቱ ለጊዮቲን ሊቀርብ ይችል ነበር። ከእስር ወጥቶ በ1795 ፓሪስ በተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ በተማሪነት ሲገባ፣ አስተማሪዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስና ሞንዥ ነበሩ። ቀጥሎም በኤኮል ፖሊቴክኒክ ማስተማር ጀመረ፤ በ1797 የላግራንዥን የትንተናና የመካኒክስ ወንበር ወረሰ። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

3. ካይሮና ግሬኖብል

በ1798 ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ሲዘምት ከሠራዊቱ ጋር ከ150 በላይ ምሁራንና መሐንዲሶች አብረው ተጓዙ። ፉርዬ ከእነዚሁ አንዱ ሲሆን፣ ካይሮ ላይ የተመሠረተው የግብፅ ኢንስቲትዩት ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። ሥራው በሠዓሊዎች፣ በቀያሾች፣ በሐኪሞችና በሒሳብ ሊቃውንት ተበታትኖ የሚሰበሰበውን ዕውቀት ማስተባበር ነበር። ከጊዜ በኋላ የዘመቻው ጥናት በብዙ ጥራዝ ሲታተም ታሪካዊ መቅድሙን የጻፈው እርሱ ነው። በልዩ ልዩ ሙያ የተመዘገበን መረጃ አንድ መልክ አስይዞ ለአንባቢ ማቅረብ ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ ከሙቀት ጥናቱ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር ለማለት ይቻላል።

በ1801 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ወደ ማስተማሩ ሊመለስ ቢያስብም ናፖሊዮን በ1802 የኢዜር አውራጃ አገረ ገዥ አድርጎ ወደ ግሬኖብል ላከው። ፉርዬ በአስተዳዳሪነቱ አልሰነፈም። በቡር጗ን አካባቢ የነበረውን ሰፊ ረግረግ አደረቀ፤ ለዚህም የብዙ መንደሮችን ነዋሪዎች አንድ በአንድ ማግባባት ነበረበት። ከግሬኖብል ወደ ቶሪኖ የሚወስደውን መንገድ በፈረንሳይ በኩል አሠራ። ወጣቱን ሻምፖሊዮን ያገኘውም በዚያው ነው፤ ይኸው ወጣት በ1822 የግብፅን ጥንታዊ ጽሑፍ ምስጢር ፈታ።

ከግብፅ ከተመለሰ ወዲህ ቅዝቃዜን አጥብቆ ይፈራ እንደ ነበር፣ ክፍሉን ከልክ በላይ እያሞቀና ልብስ እየደራረበ ይኖር እንደ ነበር በዘመኑ ሰዎች ይነገራል። ታላቁን የሙቀት ጥናቱን የሠራው በዚህ ሁኔታ፣ ከዋና ከተማው ርቆ፣ ከአስተዳደር ሥራው በተረፈው ሰዓት ነው።

4. ያልታተመው ጽሑፍ

ፉርዬ የተነሣለት ጥያቄ፣ በአንድ ጠጣር አካል ውስጥ የሙቀት መጠን ከቦታ ቦታና ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ ነበር። ሙቀት ምንድን ነው የሚለውን አከራካሪ ጥያቄ ወደ ጎን ተወው። በምትኩ የሙቀት ፍሰት የሙቀት መጠኑ ከቦታ ቦታ ከሚያሳየው ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው የሚለውን መነሻ ያዘ፤ ከዚህም ተነሥቶ ለማንኛውም ቅርጽ የሚሠራ ዲፈረንሻል እኩልታ አወጣ። ስሌቱንም በብረት ቀለበት ላይ ቴርሞሜትር እየተከለ በሙከራ ፈተነው።

እኩልታውን ለመፍታት የተጠቀመበት ዘዴ ግን ለዘመኑ ደፋር ነበር። የትኛውንም የሙቀት ሥርጭት፣ ማእዘን ወይም ዝላይ ያለውን ጭምር፣ በሳይንና በኮሳይን ድምር መጻፍ ይቻላል አለ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1807 ጽሑፉን ለፈረንሳይ ኢንስቲትዩት ሲያቀርብ ገምጋሚዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥና ላክሯ ነበሩ። ሦስቱ የቀድሞ መምህራኑ ናቸው። ላግራንዥ ተከታታይ ድምሩን ሊቀበለው አልቻለም፤ ጽሑፉም ሳይታተም ቀረ።

ኢንስቲትዩቱ የሙቀትን ስርጭት ለ1811 የሽልማት ርእስ አድርጎ ሲያወጣ ፉርዬ ሥራውን አስፍቶ ተወዳደረ። ሽልማቱንም በ1812 መጀመሪያ አገኘ። ውሳኔው ግን ዘዴው በአጠቃላይነቱና በጥብቅነቱ የሚቀረው ነገር አለ የሚል ነቀፌታ ታክሎበት ነበር፤ ይህም ጽሑፍ በጊዜው አልታተመም። መላ ንድፈ ሐሳቡ በመጽሐፍ መልክ ለሕዝብ የደረሰው በ1822 ነው። የ1807ቱ ጽሑፍ ራሱ ደግሞ እስከ 1972 ድረስ ሳይታተም ቆይቷል።

እዚህ ላይ ገምጋሚዎቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው፤ ተከታታይ ድምሩ መቼ እንደሚሠራ የሚገልጸውን ጥብቅ ማስረጃ ዲሪክሌ ያቀረበው ገና በ1829 ነበርና። ፉርዬ ውጤቱ ትክክል መሆኑን በሙከራ ያውቅ ነበር። አንባቢዎቹ ግን የሚጠብቁት ሌላ ዓይነት ማስረጃ ነበር። ትክክለኛ ዕውቀት ተቀባዩ በሚያነበው መልክ ካልቀረበ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ምሳሌ ከተፈለገ፣ እነዚህ ዐሥራ አምስት ዓመታት ይበቃሉ።

5. የተዘጋው ክፍል

የ1822ቱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለሕንፃ ፊዚክስ ተማሪ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ክፍል ይዟል፤ ርእሱም የተዘጉ ቦታዎች አሟሟቅ ነው። ፉርዬ በግድግዳ የተከበበ አንድ ክፍል ያስባል። በውስጡ የሙቀት መጠኑ የማይለዋወጥ ማሞቂያ አለ፤ ከውጭም የታወቀ ቅዝቃዜ ያለው አየር። ሁኔታው ከረጋ በኋላ ያው አንድ የሙቀት ፍሰት አራት እርከን ያልፋል፦ ከማሞቂያው ወደ ክፍሉ አየር፣ ከአየሩ ወደ ግድግዳው ውስጣዊ ገጽ፣ ከውስጥ ገጽ በግድግዳው ውፍረት ወደ ውጭ ገጽ፣ በመጨረሻም ከውጭ ገጽ ወደ ውጭ አየር። አራቱን በማስተካከል የክፍሉን የመጨረሻ የሙቀት መጠን ያገኛል። ከዚያም ግድግዳው በብዙ ተከታታይ ንብርብሮች የተሠራ ቢሆንስ ብሎ ስሌቱን ያሰፋዋል።

ከውጤቱ የሚታየው ነገር አስተማሪ ነው። በመጨረሻው የረጋ ሁኔታ የክፍሉ ይዘት ከስሌቱ ይወጣል፤ የሚወስኑት የማሞቂያው ስፋት ከግድግዳው ስፋት ጋር ያለው ንጽጽር፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የቁሱ ሙቀት አስተላላፊነትና የገጾቹ የሙቀት ልውውጥ ናቸው። ዛሬ ተማሪዎች የግድግዳን አጠቃላይ የሙቀት ማስተላለፍ መጠን የሚያሰሉበት ሰንሰለት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከዚህ ስሌት ጀርባ ያለው አሠራር ከስሌቱ ይበልጥ ዘላቂ ሆኗል። ፉርዬ ሕጉን ከአካሉ ለየ። ሕጉ ለብረትም ለድንጋይም ያው ነው፤ እያንዳንዱ ቁስ የሚለየው በውስጣዊ አስተላላፊነቱ፣ ሙቀት በመያዝ ዐቅሙ፣ በጥግግቱና በገጹ የሙቀት ልውውጥ ብቻ ነው። እነዚህን ጥቂት ቁጥሮችና የአካሉን ቅርጽ የሰጠ ሰው የቀረውን ለስሌቱ ይተዋል። በዛሬ አነጋገር ይህ የመረጃ ንድፍ ነው።

በወቅት ስለሚዋዥቅ ሙቀት የሠራውም እንዲሁ ለሕንፃ ቅርብ ነው። በምድር ገጽ ላይ የሚደርሰው የቀንና የዓመት የሙቀት ሞገድ ወደ ውስጥ ሲገባ እየቀነሰና እየዘገየ እንደሚሄድ አሳየ። የሞገዱ የመግቢያ ጥልቀት ከወቅቱ ርዝመት ካሬ ሥር ጋር ስለሚመጣጠን፣ የዓመቱ ሞገድ ከቀኑ ሞገድ ወደ 19 እጥፍ ገደማ ጠልቆ ይገባል። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ለማታ የሚያሳድረው በዚሁ ሕግ ነው።

6. የልኬት ሥርዓት

በዚሁ መጽሐፍ ፉርዬ ብዙ ጊዜ የማይወሳ ሌላ ሐሳብ አስቀመጠ። በእያንዳንዱ እኩልታ ውስጥ ያሉ መጠኖች የርዝመት፣ የጊዜና የሙቀት መጠን የልኬት ዓይነት አላቸው፤ አንድ ቃል ከሌላው ጋር ሊደመር ወይም ሊነጻጸር የሚችለው የልኬት ዓይነቱ ከተመሳሰለ ብቻ ነው። አሃዱ ቢለወጥ እኩልታው እውነትነቱን መጠበቅ አለበት። ይህ ሐሳብ ዛሬ የልኬት ትንተና የምንለው ዘዴ መሠረት ነው።

ለሶፍትዌር ተናባቢነት ይህ መሠረታዊ ሕግ ነው። በአሜሪካ የግንባታ ገበያ የሙቀት መከላከያ 20 ተብሎ ሲመዘገብ፣ በዓለም አቀፉ የአሃድ ሥርዓት ዋጋው 3.52 ካሬ ሜትር ኬልቪን በዋት ነው። ቁጥሩ አሃዱን ሳይዝ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ቢሻገር፣ ግድግዳው በእውነት ካለው 5.68 እጥፍ የተሻለ መከላከያ ያለው መስሎ ይሰላል። ሶፍትዌሩ ስሕተት አያሳይም፤ ውጤትም ያወጣል። ፉርዬ ያስጠነቀቀው እንዲህ ካለው ጸጥተኛ ስሕተት ነው።

7. ከእኩልታው ወደ ሶፍትዌሮቹ

በሃያኛው ምእት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ኮምፒውተር የፉርዬን እኩልታ ለሕንፃ በየሰዓቱ መፍታት ቻለ። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ስቲቨንሰንና ሚታላስ በ1967 እና በ1971 ያቀረቧቸው ሥራዎች፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን የአሁን ሰዓት ፍሰት ካለፉት ሰዓቶች የሙቀት መጠንና ፍሰት ለማስላት አስቻሉ። በአሜሪካ ዲ.ኦ.ኢ.-2 እና ብላስት፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ትራንሲስ፣ በስኮትላንድ ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ኢ.ኤስ.ፒ.-አር ተሠሩ። በ2001 ለሕዝብ የቀረበው ኢነርጂፕላስ የዲ.ኦ.ኢ.-2ን እና የብላስትን ልምድ አዋሕዶ የተነሣ ነው።

እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን የፋይል ቅርጽ ይዞ ስለ መጣ መተርጐሚያ አስፈለገ። የሕንፃን አጠቃላይ መረጃ ለመያዝ አይ.ኤፍ.ሲ. የተባለው የመረጃ ንድፍ ተዘጋጀ፤ በ2013ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር 16739 ሆኖ ጸደቀ። ለኢነርጂ ትንተና በተለይ የተቀረጸው ጂ.ቢ.ኤክስ.ኤም.ኤል. ደግሞ ጠባብ ግን ቀለል ያለ መንገድ ሰጠ። ሶፍትዌሮችን በፋይል ከማገናኘት ይልቅ በሥራ ላይ እያሉ ውጤት እንዲለዋወጡ የሚያደርገው ፋንክሽናል ሞክአፕ ኢንተርፌስ የተባለው ደረጃ በ2010 ወጣ።

እነዚህ ሁሉ ቢኖሩም ችግሩ አልጠፋም። ሁለት ምሳሌዎች ምክንያቱን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የወሰን ችግር ነው። ለአርክቴክቱ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ አንድ አካል ነው። በአንዱ ጎኑ አንድ አዳራሽ፣ በሌላው ጎኑ ሁለት ክፍሎች ካሉ ግን፣ ለሙቀት ስሌት ሁለት የተለያዩ ገጾች ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ማዶ ያለው የሙቀት መጠን የተለየ ነውና። ፉርዬ አካሉን የሚወስነው ሙቀት በሚሻገርበት ገጽ ነበር፤ የአርክቴክቱ ሞዴል ግን አካሉን የሚወስነው በሚገነባበት መንገድ ነው። አይ.ኤፍ.ሲ. ይህን ለማስታረቅ ሁለተኛ ደረጃ የሚባል የክፍል ወሰን አዘጋጅቷል፤ ንድፉን የሚያወጣው ሶፍትዌር ወሰኑን በትክክል ካልጻፈው ግን ተቀባዩ ከባዶ ይጀምራል።

ሁለተኛው በገጽ ላይ ያለው የሙቀት ልውውጥ ነው። በተለመደው ስሌት የውስጥ ገጽ የመቋቋም ዋጋ 0.13፣ የውጭው 0.04፣ በድምሩ 0.17 ካሬ ሜትር ኬልቪን በዋት ይወሰዳል። የአንድ ግድግዳ አጠቃላይ የሙቀት ማስተላለፍ መጠን እነዚህን ጨምሮ 2.0 ዋት በካሬ ሜትር ኬልቪን ነው እንበል። አጠቃላይ መቋቋሙ 0.50፣ የቁሱ ብቻ ደግሞ 0.33 ነው ማለት ነው። ተቀባዩ ሶፍትዌር 0.50ውን የቁሱ ብቻ አድርጎ ካነበበና የገጹን መቋቋም በራሱ ከጨመረ፣ ድምሩ 0.67 ይሆንና የማስተላለፍ መጠኑ ወደ 1.49 ይወርዳል። ሕንፃው ሳይለወጥ፣ እኩልታውም ሳይሳሳት፣ በግድግዳው የሚጠፋው ሙቀት በሩብ ያህል ቀንሶ ይታያል። ፉርዬ የውስጡን አስተላላፊነትና የገጹን ልውውጥ በሁለት የተለያዩ ስሞችና ምልክቶች የለያቸው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ እንደገና ለመለየት አይቻልም።

8. የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት አምልጦ በግሬኖብል በኩል ሲመጣ ፉርዬ ለንጉሡ ታማኝነቱን ገልጾ ከተማይቱን ለቀቀ። ናፖሊዮን ቢቆጣም የሮን አውራጃ አገረ ገዥ አድርጎ ሾመው፤ ፉርዬ ግን በሹመቱ ብዙም አልቆየም። ንጉሡ ሲመለስ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ሆኖ ፓሪስ ላይ ያለ ሥራ ቀረ። የቀድሞ ተማሪው የነበረው የሴን አገረ ገዥ ሻብሮል የአውራጃውን የስታቲስቲክስ ቢሮ እንዲመራ አደረገው። በ1816 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ቢመረጥም ሉዊ 18ኛ ምርጫውን ውድቅ አደረገ፤ በ1817 እንደገና ተመርጦ ተቀባይነት አገኘ። በ1822 መጽሐፉ በታተመበት ዓመት የአካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆነ።

በ1824 የምድርን የሙቀት መጠን የሚወስኑትን ምክንያቶች መረመረ፤ የፀሐይ ብርሃን በከባቢ አየር ውስጥ በቀላሉ ሲያልፍ ከምድር የሚመለሰው ሙቀት ግን ይበልጥ እንደሚከለከል አስረዳ። ለዚህም ሶሲዩር በመስታወት የተሸፈነ ሣጥን ይዞ ያደረገውን ሙከራ አነሣ። መስኮት ያለውን ክፍል የሚያሞቀውን ፀሐይ የሚያሰላ ሰው ከዚህ ሐሳብ ርቆ አይሄድም። ፉርዬ ግንቦት 16 ቀን 1830 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ስሙ በኤፍል ማማ ላይ ከተቀረጹት 72 ስሞች አንዱ ነው።

9. ማጠቃለያ

ከፉርዬ ሕይወትና ሥራ ለተመራማሪው ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሞዴል ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ሲሻገር እያንዳንዱ ቁጥር አሃዱን ይዞ መሻገሩ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ አካሉ በግንባታው ሳይሆን ሙቀት በሚሻገርበት ወሰን መገለጹ ይታይ። ሦስተኛ፣ የቁሱ ጠባይና የገጹ ልውውጥ ተለይተው መመዝገባቸው ይጣራ። ሦስቱን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ መስኮት የሌለው ክፍል ወስዶ፣ የረጋ ሁኔታ አስቦ፣ ፉርዬ በ1822 እንዳደረገው አራቱን እርከኖች በወረቀት ማስላትና ከሶፍትዌሩ ውጤት ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ሁለቱ ካልተስማሙ ስሕተቱ ያለው በሕጉ ሳይሆን በትርጉሙ መሆኑን ለመገመት በቂ ምክንያት ይኖራል።

ይህን ፈተና ሳያደርግ የሲሙሌሽን ውጤትን በመመረቂያ ጽሑፉ የሚያሰፍር ተማሪ፣ በእጁ ያለው ቁጥር የሕንፃው ይሁን የመተርጐሚያው አያውቅም። የፉርዬ ገምጋሚዎች እውነተኛ ውጤት ይዞ የመጣን ሰው ተጠራጥረው ለዓመታት አቆዩት። የዛሬው አደጋ ተቃራኒው ነው፤ ሶፍትዌር ያወጣው ቁጥር ያለ ጥርጣሬ ወዲያው ይታመናል።